ሚስተር ሌሙኤል ደረጃውን የወረዱበት ቀን

መቼ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መጋቢት 1944 ብዬ እመልሳለሁ። ከመለስኩ በኋላ እጠራጠራለሁ። በዚያ ሳምንት የሚስተር ሌሙኤል እህት ሚስ ኧርነስቲን የደጃፋቸውን ደረጃ በባዶ እጃቸው ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ፤ በመጋቢት ደግሞ የባልቲሞር ውሃ ጣት ይቆርጣል። ያኔ ይከጅለኝ የነበረው ሮስኮ ቢቨንስም ከጦሩ ፈቃድ አግኝቶ የመጣው በግንቦት ነው። የፈቃድ ወረቀቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ እንዴት እኔ ዘንድ እንደቀረ ሌላ ወሬ ነው። እንግዲህ ግንቦት ይሁን። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ መጋቢት እያልኩ ሳወራ ማንም አላረመኝም፤ ሊያርሙኝ የሚችሉት ሰዎችም እያነሱ ሄደዋል።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ዓመተ ምሕረት ሲሳሳቱ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ሚስተር ሌሙኤል ጌዘር መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አሳንሰር ነጂ ነበሩ። ሱቁ ሰባት ፎቅ ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። "ሦስተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ባርኔጣ" ብለው በሩን ይከፍታሉ። እሳቸው ራሳቸው ከሦስተኛ ፎቅ ባርኔጣ መግዛት ይችሉ ነበር፤ መለካት ግን አይፈቀድላቸውም። ጥቁር ሰው ራስ ላይ ያረፈ ባርኔጣ ለሌላ ደንበኛ አይሸጥም ተብሎ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን ልክ በክር ለክተው ክሩን በኪሳቸው ይዘው ነበር የገዙት። ባርኔጣው ሰፋቸው። "ክሩ ረጥቦ ነበር" ይላሉ።

ረጅም ሰው ናቸው፤ ፊታቸው እንደ ዳኛ ፊት የረጋ። አሳንሰሩ ውስጥ ከወገባቸው በላይ ቀጥ ብለው ቆመው ከጉልበታቸው በታች ይደንሱ ነበር። በ1942 አንዲት ደንበኛ አሳንሰሩ ያንኳኳል ብላ አመለከተች። መካኒክ መጣ። ገመዱን ፈትሾ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ከሚስተር ሌሙኤል ጋር ሰባት ፎቅ ወጥቶ ወረደ። ምንም አልሰማም። በሄደ በሦስተኛው ቀን ማንኳኳቱ ተመለሰ። መካኒኩ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ "የሕንጻው እርጅና ነው" ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠ። ሚስተር ሌሙኤል ወረቀቱን አሳንሰሩ ውስጥ ለጠፉት።

በዚያን ጊዜ መሃል ከተማ ያሉት ሲኒማ ቤቶች እኛን አያስገቡም። ፊልሙ መጀመሪያ እዚያ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ ተቧጭሮ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጣጥሎ፣ በስድስተኛው ወር ግድም ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ወዳለው የኛው ቬልቬት ሲኒማ ይደርሳል። ጭረቱ ሸራው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ዝናብ ይመስላል። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ሆሊውድ ውስጥ ሳሎንም ቢሆን እንደሚዘንብ አምኖ ነው ያደገው።

የጦርነቱ ዘመን የሙዚቃ ፊልሞች ታሪካቸው አንድ ነው። አንድ መርከበኛ የሁለት ቀን ፈቃድ ያገኛል። አንዲት ልጅ መዝፈን እንደምትችል አታውቅም። ሀብታም አጎት አለ። መሃል ላይ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ አንድ የኛ ሰው ብቅ ብሎ ሦስት ደቂቃ ይደንስና ይጠፋል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ መርከበኛውም ሰላም አይለውም። ፊልሙን እንዲህ የሚሠሩት፣ የደቡብ ነጮች ሲኒማ ቤቶች ሰውየውን ቆርጠው ቢያወጡት ታሪኩ እንዳይጎድል ነው። እኛ የምንሄደው ለዚያ ሦስት ደቂቃ ነበር። ታሪኩን ቆርጠው ቢያወጡልን ቅር አይለንም።

የምንሄደው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በነጮች ቤት ምግብ ለሚያበስሉ ሴቶች ዕረፍት ስለሆነ የሚስተር ሌሙኤል ታላቅ እህት ሚስ ኧርነስቲን ነጻ ናቸው። የሚስተር ሌሙኤልም ዕረፍት ሐሙስ ላይ ይውላል። ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ኮስተን በሩ ላይ "ዕቃ ቆጠራ" የሚል ካርቶን ሰቅለው ይዘጋሉ፤ በሱቁ ውስጥ የነበረው ዕቃ ሁለት መቀስ፣ አንድ መላጫና አንድ ወንበር ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ለጦሩ ድንኳን በሚሰፋ ፋብሪካ የማለዳው ተረኛ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ሰባት ሰዓት ላይ ገብተን ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይተን እንወጣለን።

ዳንሰኛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ ሰው አይቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ እንካፈላለን። ሚስተር ሌሙኤል እግር ናቸው። ሚስ ኧርነስቲን እጅ ናቸው። ሚስተር ኮስተን ጆሮ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከዳንሰኛው ጫማ ሥር ያለውን የብረት ምት ብቻ ይቆጥራሉ። ትኬት ቆራጩ በየሳምንቱ "ሚስተር ኮስተን፣ ቤትዎ ቢተኙ አይሻልም?" ይላቸዋል። እኔ ቦታ ነበርኩ። ሰውየው የት እንደቆመ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ከበሩ ስንት እርምጃ እንደራቀ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ሰውየውን መልሰን እንገጣጥመዋለን።

በጎዳናችን ሕግ ነበር። የጎረቤትህን የዳንስ እርምጃ መስረቅ ነውር ነው። ከሸራ ላይ መውሰድ ግን ይፈቀዳል፤ ባለቤቱ መጥቶ አይጠይቅህምና። ብቻ የወሰድከውን እንዳለ መውሰድ አለብህ። አንድ እርምጃ ጨምሮ ወይም ቀንሶ የተገኘ ሰው "ዋሸ" ይባላል፤ ሊደንስ የመንገዱ ማዕዘን ላይ ሲቆም ሰው ጀርባውን ይሰጠዋል። ሚስተር ሌሙኤል ዋሽተው አያውቁም። ሀብት አልነበራቸውም፣ ሚስት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ይህ ስም ነው።

ደረጃ ያለበት ፊልም የመጣው በየካቲት ነው። በዚህ አልጠራጠርም፤ የቬልቬት ማሞቂያ ስለተበላሸ ካፖርት ለብሰን ነው ያየነው። ዳንሰኛው ነጭ ሱፍ ለብሷል፤ ራሱ ባዶ ነው። አምስት ደረጃ ያለው ነጭ መወጣጫ አለ። እየደነሰ ይወጣል። እላይ ሲደርስ ጀርባውን ይሰጠናል። ከዚያ ታች ነው። ፊቱ ወደኛ፣ ባርኔጣ ራሱ ላይ። በመሃሉ ምንም የለም።

ሚስተር ሌሙኤል ክንዴን ያዙኝ።

"አየሽ?"

"ምኑን?"

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ።"

መርከበኛውንና ልጅቱን ታግሠን ሁለተኛውን ዙር ጠበቅን። ዳግመኛ እላይ፣ ጀርባ፤ ዳግመኛ ታች፣ ፊት፣ ባርኔጣ። ከኋላችን የተቀመጠ ሰው "መተት ነው" አለ።

"ዝም በል፣ እግር እያየን ነው" አሉት ሚስ ኧርነስቲን፣ እሳቸው እጅ ቢሆኑም።

ፀጉር ቤት ስንገባ ሚስተር ኮስተን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ "ተቆርጧል" አሉ።

"ምኑ?" አሉ ሚስተር ሌሙኤል።

"ፊልሙ ነዋ። ምቱ በስምንት በስምንት ነው የሚቆጠረው፤ እላይ ሳለ ስድስት ብዬ ቆጠርኩ። ታች ሲያርፍ አንድ ነው። ሰባትና ስምንት የት ሄዱ?"

"ዋጣቸው።"

"ሙዚቀኞቹስ?"

"አብረውት ዋጡ። ጎበዝ ሙዚቀኞች ናቸው።"

"ሌሙኤል፣ ሠላሳ ዓመት መቀስ ይዤ ኖሬያለሁ። መቀስ የነካውን ነገር አውቃለሁ።"

"መቀስ ከነካው ዳንሱን ሙሉውን ይቆርጠዋል እንጂ ከመሃሉ ሁለት ሰከንድ ምን ያደርግለታል? ሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን ነውር አለ?"



"ባርኔጣው ክንዱ ሥር ነበር" አሉ ሚስ ኧርነስቲን። "ጀርባውን ሲሰጠን የቀኝ ክንዱ ከጎኑ ተጣብቋል።"

"አይተሽዋል፣ እህቴ?"

"ሃያ ዓመት የድስት ክዳን ብብቴ ሥር ይዤ በሁለት እጄ ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ ብብት ምን እንደያዘ አላውቅም?"

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ሰውየው ዘሏል። ከአምስት ደረጃ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ ባርኔጣ አድርጎ አርፏል። የቀረው ይህን ማድረግ ነበር።

የሚስ ኧርነስቲን ደጃፍ ደረጃም እንደ ዕድል አምስት ነው፤ ነጭ እብነ በረድ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማጽጃ ዱቄትና በሻካራ ድንጋይ እያሹ ስለሚያጥቡት ወተት ይመስላል። እኛ ሰፈር ሰው የሚመዘነው በደጃፉ ንጣት ነው፤ ከደጃፉ ወዲያ ስላለው ብዙ አይጠየቅም።

"ብረት ያለው ጫማህን ደረጃዬ ላይ አሳርፍና እግርህን ከነብረቱ አስቀርብሃለሁ" አሉ ሚስ ኧርነስቲን።

"በካልሲ ነው የምዘለው።"

"ካልሲውስ ንጹሕ ነው?"

በመጀመሪያው ሳምንት ሚስተር ሌሙኤል በጉልበታቸው አረፉ። በሁለተኛው ሳምንት ሊያይ የቆመ የፍራፍሬ ጋሪ ላይ አረፉ። ፈረሱ አልደነገጠም፤ ብርቱካኑ ግን መንገዱን ሙሉ ተበተነ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የፊት ጥርሳቸው ሄደ። ሱቁ ጥርሱ የጎደለ አሳንሰር ነጂ ስለማይወድ አፋቸውን ሳይከፍቱ "ሦስተኛ ፎቅ" ማለት ተለማመዱ። በአራተኛው ሳምንት እግራቸው ተስተካክሎ ባርኔጣው እምቢ አለ፤ በአምስተኛው ባርኔጣው ተስተካክሎ እግራቸው። ሚስ ኧርነስቲን በመስኮት ብቅ ብለው "ብብትህን ቀድመህ ክፈት! አትቆጥብ!" ይላሉ። እኔ ታች ቆሜ ሲያርፉ እግራቸው የሚደርስበትን ቦታ በጠመኔ አሰምራለሁ፤ ቦታ ነኝና።

በሰባተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ፣ ከሥራ ሲመለሱ፣ ሆነላቸው። ጀርባቸውን ሰጡ፤ አየር ላይ ዞሩ፤ ብብታቸው ሲከፈት ባርኔጣው ወደ ላይ ተነሣ፤ ራሳቸው ከሥሩ ደረሰለት፤ ሁለት እግር አንድ ድምፅ ብቻ ሰጠ። ባርኔጣው ሰፊ መሆኑ ጠቀመ። ማንም አላጨበጨበም። ሚስ ኧርነስቲን የያዙትን ባልዲ ደፉት፣ ያውም ቆሻሻውን፣ በታጠበው ደረጃ ላይ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ከሌላ ጎዳና ሁሉ እየመጣ ያይ ጀመር። "የጌዘር ዝላይ" አሉት። ሚስተር ሌሙኤል ይቆጡ ነበር።

"የኔ አይደለም። የሰውየው ነው። ያየሁትን ነው ያደረግሁት፤ አንድ አልጨመርኩም፣ አንድ አልቀነስኩም።"

በግንቦት ወር ቬልቬት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በየካምፑ እየዞረ ለጥቁር ወታደሮች ትርኢት የሚያሳይ ቡድን አንድ ዳንሰኛ ይፈልጋል። ውድድሩ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዳኛው የሕዝቡ ጭብጨባ ነው። የተመረጠው ሰው በማግስቱ በባቡር ይሄዳል። ሚስተር ሌሙኤል ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ለሱቁ አለቃ ከሰኞ ጀምሮ እንደማይመጡ ነገሩት። አለቃው "እስቲ ሰኞ ይምጣ" አለ። ሚስተር ሌሙኤል ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል በሆነ ሳጥን ውስጥ ቆመው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሁለተኛ እንደማይለጠፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሮስኮ ቢቨንስ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ አሪዞና በረሃ ካለው ካምፕ፣ አራት ቀን በባቡር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በዳቦ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቶልኝ እየሄድን ነበር። ወሬ ፍለጋ የሚስተር ሌሙኤልን ነገር አነሣሁለት።

"ደረጃ ያለበቱን ፊልም?" አለ። "ካምፕ ውስጥ አራት ጊዜ አሳይተውናል። በረሃ ውስጥ ሌላ ምን አለ? ለጦሩ የሚላከው ደግሞ አዲሱ ነው፤ አይዘንብበትም።"

"እንግዲያው ዝላዩን አይተኸዋል።"

"የምን ዝላይ?"

"ከላይ ወደ ታች ያለውን።"

"ማን ዘለለ? ሰውየው ወረደ።"

"እንዴት ወረደ?"

"አንቺ ደግሞ! ደረጃ እንዴት ነው የሚወረደው? በእግሩ ነዋ።"

"ባርኔጣውስ?"

ሮስኮ ወደ ዓሣው አጎነበሰ። "ባርኔጣውን... አላስታውስም። ነበረው መሰለኝ።"

ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ሮስኮ ከፊት ወንበር እንደሚቀመጥ ነግሮኛል፤ አፉ ደግሞ የሚያርፍ አይደለም። በሕዝብ ፊት "ዋሹ" ከሚባሉ ቀድመው ይወቁ ብዬ ነው የሄድኩት። እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የምነግረው። እውነቱን ልናገርና፣ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር እኔ ብቻ ማወቄም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚስተር ሌሙኤል ከመድረኩ ጀርባ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሹ ነበር። ሚስ ኧርነስቲን የወንድማቸውን ሱሪ በካውያ ተኩሰው ቆመዋል። ሚስተር ኮስተን ፀጉራቸውን ያስተካክሉላቸዋል።

"ሚስተር ሌሙኤል፣ ሮስኮ ፊልሙን ሙሉውን አይቶታል።"

"መልካም።"

"ዝላይ የለም ይላል። ሰውየው ወረደ ይላል።"

ብሩሹ ቆመ። "በስንት እርምጃ?"

"አልጠየቅሁትም።"

"ሄደሽ ጠይቂው።"

ሄድኩ። ሮስኮ "ደረጃው ስንት ነበር?" አለኝ። አምስት አልኩት። "እንግዲያው በአምስት" አለ። ተመልሼ ነገርኳቸው።

"ፈጥኖ ነው ቀስ ብሎ?"

እንደገና ሄድኩ። "ቀስ ብሎ" አለ ሮስኮ።

"በየትኛው እግር ጀመረ?"

በሦስተኛው ጊዜ ሮስኮ "ሰውዬው ደረጃውን ሊገዛው ነው እንዴ?" አለኝ። ግራ እግር ይሁን ቀኝ እንደማያስታውስ ነገርኳቸው።

"ሌሙኤል" አሉ ሚስ ኧርነስቲን፣ "የዚህን ልጅ ወሬ ከጆሮህ አውጣ። የሚመርጥህ የሰው ጭብጨባ ነው። ዝለል።"

"ያየሁትን ነው የማደርገው ብያለሁ።"

"ያየኸው ዝላዩን ነው!"

"ያየሁት ምንም ነው፣ እህቴ። ከላይ አየሁት፣ ታች አየሁት። መሃሉን እኔ ነኝ የሞላሁት።"

ሚስተር ኮስተን መቀሱን አስቀመጡ። ተቆርጧል ብለው የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ "አላልኩህም?" ሊሉ ይችሉ ነበር። "ስማኝ" አሉ። "ይህን ነገር ባልቲሞር ውስጥ የምናውቀው አምስት ሰዎች ነን። ያንን ወታደር ጨምሮ አራታችን ዝም እንላለን። እሱን እኔ ዝም አሰኘዋለሁ፤ ፀጉሩን ገና አላስተካከልኩለትም።"

"አምስተኛውስ?"

"አምስተኛው አንተ ነህ።"

"እሱን ነው የምጠይቅህ" አሉ ሚስተር ሌሙኤል፤ ብሩሹንም አነሡ።

ቬልቬት እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። የሚስተር ሌሙኤልን ዝላይ ለማየት ከምሥራቅ ባልቲሞር ድረስ የመጣ ሰው ነበር። አናጢዎች አምስት ደረጃ ያለው መወጣጫ ሠርተው ነጭ ቀብተውታል፤ ቀለሙ በደንብ ስላልደረቀ የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ጫማ ጠርዝ ላይ ነጭ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች እርስ በርስ እየተኮራኮሙ ደነሱ። አንድ ሰው ራሱ ላይ ሳህን ደርድሮ ጨፈረ፤ አንድ ሳህን ብቻ ነው የሰበረው። ከዚያ ሚስተር ሌሙኤል ተጠሩ።

ስለ ዳንስ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልችልበትም። እግራቸው የተናገረው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ኋላ ወንበር ድረስ፣ አንድ በአንድ። አጠገቤ ሚስተር ኮስተን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። ሚስ ኧርነስቲን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣብቀዋል። ሚስተር ሌሙኤል ደረጃውን እየደነሱ ወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጀርባቸውን ሰጡን። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ።

ከብብታቸው ሥር ባርኔጣውን በእጃቸው አወጡ። ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ ሰው ከቤቱ ሲወጣ እንደሚያደርገው። ዞሩ። ወረዱ። በቀኝ እግራቸው ነው የጀመሩት። በአምስት እርምጃ፣ ቀስ ብለው።

የተነሣው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ሰገነቱ ላይ ያለ አንድ ሰው "ሚስተር ጌዘር! አሳንሰሩ ተበላሸ እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

የዚያን ሳቅ መጠን ልነግራችሁ አልችልም። ሚስተር ሌሙኤል የቀረውን ዳንስ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እስከ መጨረሻው ደነሱ። ሳቁ እስኪበርድ ዳንሱ አለቀ። ጭብጨባውን ያሸነፈው ባለ ሳህኑ ነው። ሰኞ በባቡር ሄደ። ሰኞ ሚስተር ሌሙኤል በሦስት ሰዓት አሳንሰራቸው ውስጥ ነበሩ። አለቃው ሰላም አላቸው፤ ስለ ሌላ ነገር አላነሣም፤ ይህን ለአለቃው መልካም ሥራ አድርጌ እጽፍለታለሁ።

ዝላዩን ሁለተኛ አልዘለሉትም። የሰፈር ልጆች ደጃፉ ላይ ቆመው "አንዴ ብቻ፣ ሚስተር!" ሲሏቸው "ከየት አምጥቼ?" ይሉ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቬልቬት መሄዳችን ግን አልቀረም። እግር እግርን፣ እጅ እጅን ያያል። እኔ ቦታን አያለሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጎናቸው ተቀምጬ የዚያን እሑድ ነገር አንድም ቀን አላነሣሁም፤ እሳቸውም አላነሡም። ጦርነቱ ሲያልቅ እኔ ኮሌጅ ገባሁ። ሮስኮ ከሌላ ሴት ጋር ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጽሑፍ የድሮ ፊልሞች ወደሚቀመጡበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ አገኘሁት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አሳዩኝ። አልተቧጨረም፤ አይዘንብበትም። ሰውየው እየደነሰ ወጣ። ጀርባውን ሰጠ። ከበስተ ቀኝ አንዲት ነጭ ሴት መጣች፤ ምሽት የሚለበስ ቀሚስ ለብሳ፣ ባርኔጣ ይዛ። ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገችለት፣ በጣቷም ጠርዙን አቃናችው። ፈገግ አለላት። ዞሮ በአምስት እርምጃ ወረደ። በመቀስ የተቆረጠው ይህ ነው፤ ነጭ ሴት ጥቁር ሰው ስትነካ በደቡብ ሸራ ላይ አይታይም፤ ሁለት ሰከንድ ያልነውም ከዚያ ይረዝማል። ሮስኮ ዓሣው ላይ ያጎነበሰውም ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ እኔን ሊያገባ ፈልጎ ነበርና ነጭ ሴት አንስቶ ከሚያወራልኝ ባርኔጣውን አላስታውስም ማለት ቀለለው። ፊልሙን መልሰው እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ግራ እግሩ ይሁን ቀኙ ለማየት ነው። ቀኙ ነበር።

ሚስተር ሌሙኤልን ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ነው፤ በዚህ ዓመት በመስከረም፣ በሚስተር ኮስተን ቀብር። ሚስ ኧርነስቲን ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁ አሳንሰሩን ሰው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ በሚወጣበት ስለቀየረው ሚስተር ሌሙኤል ጡረታ ወጥተው ከአንዲት የአጎታቸው ልጅ ጋር ከከተማው ምዕራብ ዳር ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ዶሮና ጎመን ተበልቶ ሰው ሲበተን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።

"ሚስተር ሌሙኤል፣ ፊልሙን አገኘሁት።"

"የቱን?" አሉ፤ የቱን እንደሆነ እያወቁ።

"ሙሉውን ነው። ያልተቆረጠውን።"

ትንሽ ሄዱ። "ባርኔጣውስ?"

"አንዲት ሴት ናት ያደረገችለት። ነጭ ሴት።"

"አሃ።" ቆሙ። "ሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን ነውር አለ ብዬ ነበር።" ከዚያ "ኧርነስቲን ይህን ሳትሰማ ማረፏ ደግ ነው። ብብት ነው ብላ ሰባት ሳምንት መስኮት ላይ ከረመች።"

"እኔም ሰባት ሳምንት ጠመኔ ይዤ ከረምኩ።"

"አንቺስ ቦታ ነበርሽ፤ ቦታው ልክ ነው።" ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩና መልሰው አደረጉ። "ወረደ?"

"ወረደ።"

"በአምስት?"

"በአምስት። በቀኝ እግሩ ጀምሮ።"

"ቀስ ብሎ?"

"ቀስ ብሎ።"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። "እንግዲያው ልክ ነበርኩ" አሉ፤ ሰው ሰዓቱን አይቶ ገና ነው እንደሚል። ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ፈለግሁ፤ እንደ ድሮው የረጋ ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ያቆየሁት ጥያቄ አንድ ነው። ያን ቀን እኔ ዝም ብል ኖሮ ይዘሉ ነበር ወይ፤ ዘለው በባቡሩ ይሄዱ ነበር ወይ። ከዚያ ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱን ለራሴም በቃል አላወጣሁትም። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደተማርኩት ጥያቄውን አሳጥሬ ለማቅረብ አሰብኩ።

"ሚስተር ሌሙኤል፣ ያን ቀን እኔ..."

"መጣ" አሉ።

አውቶቡሱ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። "አመሻሽ ላይ ሲሆን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ምን ነካው?" አሉ። ክንዴን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ያዙና ለቀቁት፤ በሩን ይዘው ወጡ። ሹፌሩን አንድ ነገር አሉት፤ ሹፌሩ ሳቀ፤ ያሉትን አልሰማሁም። በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ሲቀመጡ አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ አውቶቡሱም ሄደ።